ከችግኙ ላይ የተገፈፈው አጎበር

ቅዱሳን፣ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ፤ ድሮም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ትንሽ ታገሡኝና ልናገር። ሃሌሉያ!

ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ከርብ ወንዝ ዳር መጥቼ እዚህ ወረታ የአንድ መምህር ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ልጃቸው ሜሮን የክፍሌ ልጅ ናት። ያቻትላችሁ፣ ገና ሳልጀምር የምትስቀው! ለብሔራዊ ፈተና አብረን ስናጠና እሷ መጽሐፉን ከመክፈቷ በፊት ትጸልያለች። እኔ ሒሳብ ጀምሬ ስንኝ እጨርሳለሁ። የግራፉ ኩርባ የርብ መታጠፊያ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ሒሳቡን ማን ያስታውሰዋል?

የምታመነው በጭንቅላቴ ነበር። ሜሮን “ኢየሱስ እኮ ስለ አንቺ ራሱን ሰጠ” ስትለኝ፣ “ማን ለመነው?” እላት ነበር።

“አንቺ ገጣሚ፣ ምላስ ቢፈተን አንደኛ ነበርሽ!” ትለኛለች።

ፈተናው ሲቃረብ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ሰነበትሁ። የአገራችንን ነገር ታውቃላችሁ፤ አጎበር ሲታደል የሚተኛበት ሰው ሳይሆን የሩዝ ችግኝ ነው። አትሳቁ፣ የእናንተም ቤት ያው ነው! ወፍ ዘሩን ከመደቡ እየለቀመ ስለሚፈጀው ሁሉም አጎበሩን ይዘረጋበታል። አባቴም የእኔን አጎበር ዘርግተውበት አገኘሁ።

“አንቺ የከተማ ሰው ሆነሻል፤ የወረታ ትንኝ መብራት ትፈራለች” አሉኝ። ስቄ ተመለስሁ።

ወገኖቼ፣ ብዙም ሳይቆይ ብርድ ብርድ አለኝ። ከዚያ እሳት ሆንሁ። ያጠናሁት ሁሉ ጎርፍ እንደገባበት ማሳ ጥርግ ብሎ ሄደ። ሜሮን አንድ ቀላል ቀመር ብትጠይቀኝ የራሷን ስም እንኳ አጣሁት። ያ የምመካበት ጭንቅላት!

ጤና ጣቢያ ደሜ ታየ። “እህቴ፣ ሁለቱም ዓይነት ወባ አለብሽ” አለኝ ባለሙያው። “መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ውሰጂ። ፈተናውን ግን ለዘንድሮ እርሺው፤ በዚህ አቅምሽ ፈተናው ወደሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው አውቶቡስ ላይም አትወጪ።”

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ዩኒቨርሲቲ መግባትን ነበር፤ በሩ ላይ ስደርስ ተዘጋ አልሁ።

ሜሮን አልጋዬ አጠገብ ተንበርክካ፣ “ጌታ ሆይ፣ ይህች ልጅ እኔን አትሰማኝም። አንተ ግን ትሰማኛለህ” ብላ ጸለየች። ሳቄ መጣ፤ ለመሳቅ ግን አቅም አልነበረኝም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። መታመሜን ሰምተው የመጡት አባቴ ናቸው፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ እጃቸው ላይ ውኃ የሚያንጠባጥብ ጥቅል። ፈቱት። አጎበሩ ነው! እግረ መንገዳቸውን ወንዙ ላይ አለቅልቀውታል፤ የበቀለ የሩዝ ፍሬ ግን አሁንም ጠርዙ ላይ ተጣብቋል።

“አባዬ፣ ችግኙስ? ወፍ ይጨርሰዋል እኮ!”

“ይጨርሰው።”

“እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ? ማን ለመነዎት?”

ምስማር እየፈለጉ ነበር፤ ዘወር ብለው አዩኝ። “አንቺ እዚህ እየነደድሽ፣ እስክለመን ልጠብቅ እንዴ?”

ቅዱሳን ሆይ! ማን ለመነው ስል የኖርሁት እኔ መልሱን ከአባቴ አፍ ሰማሁ። አባቴ ስብከት አላሰቡም፤ ምስማር ነበር የቸገራቸው። እኔ ግን በዚያ ጭቃ ጭቃ በሚሸት አጎበር ሥር ሆኜ አለቀስሁ። እኔን ለመሸፈን ሰብሉን የገለጠ አባት ካለኝ፣ ልጁን የሰጠውን አባት “ማን ለመነህ” ማለቴ ምን ማለት ነው? ተንበርክኬ ተቀበልሁት አልላችሁም፤ ለመንበርከክ አልቻልሁም። ተኝቼ ተቀበልሁት። ክብር ለስሙ ይሁን!

መድኃኒቱን ጨረስሁ፣ ሜሮን ጸሎቷን አላቋረጠችም፤ ትኩሳቱም ለቀቀኝ። “አትወጪም” የተባልሁበት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ! የሐሙሲትን ከተማ ስናልፍ ሁሉም ቀመር ያጉተመትማል፤ እኔ እዘምራለሁ። የፈተናው ግቢ በር ላይ ፈታሹ ማደሪያችን ውስጥ ልሰቅለው የያዝሁትን አጎበሬን አገላብጦ፣ “የምን ቀመር ጽፈሽበታል?” አለኝ። ሩዝ ብቻ ነው ያገኘበት።

ሁሉንም ጥያቄ ሠራሁ ብዬ አልዋሽም። ሒሳቡ ላይ አንድ ቦታ ጭልም አለብኝ። ድሮ ቢሆን ጥዬ እወጣ ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ “አባት ሆይ፣ ሳልለምንህ የሰጠኸኝ አሁን እየለመንሁህ ነው” አልሁት። ረጋ አልሁ። የሸሸኝ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ሠራሁ። እኔ፣ ቁጭ ብዬ! ከዚህ በላይ ተአምር ትፈልጋላችሁ?

ውጤቱ ገና አልመጣም። ሜሮን “ሲመጣ ብትመሰክሪ አይሻልም?” ብላኝ ነበር። አይሆንም! ሲመጣ ለውጤቱ ያመሰገንሁ ይመስላችኋል። ዛሬ የማመሰግነው ለሸፈነኝ ነው።

አባቴ ያው ከበሩ አጠገብ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። “የልጄን ነገር ልስማ ብዬ እንጂ” ብለው ነው የመጡት። እንኳን መጡ፣ አባዬ። ወፍ የበላውን ጎረቤቶች ከተረፋቸው ችግኝ ተክተውላቸዋል፤ ዛሬ ማሳው አረንጓዴ ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እዚህ መካከል “ምን ሠርቼለት ይሰጠኛል?” የሚል ሰው ካለ፣ ጌታ እስክትለምኑት አልጠበቀም። ኑና ከሽፋኑ ሥር ግቡ፤ ሰፊ ነው። ደግሞ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ፣ አጎበሩን ከችግኙ ላይ አንሡና ልጆቻችሁን አልብሱ። አሜን በሉ እንጂ!