ከተመለሱት ጋር አትቁጠሩኝ

የመጀመሪያ የምርምር ጽሑፌን የላክሁለት መጽሔት እንደማያትመው የነገረኝ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነበር። በዚያው ሳምንት ጎደለ የተባለውን ሁሉ አቃናሁና መልሼ እዚያው መጽሔት ላክሁት። ሁለቱ ገምጋሚዎች የነቀፉትን አንድ በአንድ አየሁ። እውነት ሆኖ ያገኘሁትን አስተካከልሁ፣ እውነት ያልመሰለኝ ላይ ምክንያቴን ጻፍሁ፣ አማትቤ ላክሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ለቢሮ ባልደረባዬ ነገርሁት። እሱ ከፊዚክስ ወደ እኛ ክፍል የመጣ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ወንበሩን አዙሮ አየኝ።

«የት ነው የላክሽው?»

«እዚያው።»

«እነሱ እኮ አንቀበልም ብለውሻል።»

«የጎደለውን ነው የነገሩኝ። አሟልቼ ላክሁላቸው።»

እስከ ምሳ ድረስ ሳቀብኝ። ለካ መጽሔት አንዴ አልቀበልም ካለ ጽሑፉን ይዞ ወደ ሌላ መሄድ ነው ደንቡ፤ ተመልሶ እዚያው ማንኳኳት እንደ ሙጭጭ ማለት ይቆጠራል። ለዶክትሬት በመጣሁበት በዚህ ብርድ አገር ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ማንም አይናገረውም። ደንቡን አለማወቄን አምናለሁ። መመለሴ ስህተት ነበር የሚለውን ግን ዛሬም አልቀበልም።

ያደግሁት ጋይንት ውስጥ፣ ከቤተ ልሔም፣ ከድጓው ማስመስከሪያ ጉባኤ ቤት፣ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ከየአገሩ ዜማ የተማረ ሰው በመጨረሻ ቤተ ልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ መምህር ለመባል አፉን ሞልቶ አይናገርም። አባቴም እዚያ ነው ያስመሰከረ። ተማሪው መጽሐፉን ዘርግቶ መምህሩ ፊት ያዜማል። አንዲት የዜማ ምልክት የሳተ እንደሆነ የኔታ ያስቆሙታል፤ ሂድና አጥንተህ ና ይሉታል። ተማሪው ወደ ጎጆው ይሄዳል፣ ያጠናል፣ ይመለሳል። ልጅ ሳለሁ አባቴን ወደ ማን ነው የሚመለስ ብዬ ጠይቄው ነበር። ጥያቄው ራሱ ገርሞት፣ ስህተቱን የሚያውቁት እሳቸው አይደሉም ወይ፣ ወደ ማን ይሂድ፣ አለኝ። እኔ ሴት ስለሆንሁ በዚያ ጉባኤ አልተቀመጥሁም፤ አባቴ ንፋስ መውጫ ወስዶ አስኳላ አስገባኝ። ነገር ግን ሰው ሲመለስ ወዴት እንደሚመለስ የተማርሁት ከዚያ ነው።

መጽሔቱ ለሁለተኛ ጊዜ የመለሰልኝ በሁለት መስመር ነበር። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ቀደም ታይቶ ተወስኖበታል፣ አለ። የጨመርሁትን ያነበበ ሰው አልነበረም።

ዓመቱ ሲያልቅ ያው መጽሔት ከተላከለት ጽሑፍ ምን ያህሉን እንደመለሰ በኩራት አወጣ። የመለሰው ካምናው በልጧል፤ ይህም የጥራታችን ምልክት ነው ይላል። ገጹን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በዚያ ቁጥር ውስጥ እኔ ሁለት ጊዜ አለሁ። አንዲት ሴት፣ አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት ውድቅ። እኔ መጽሔቱን አጎበዝሁት ማለት ነው።

አገር ቤት ስታትስቲክስ ነበር የማስተምረው። ቁጥር ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ማን ቆጠረው፣ ምኑን ቆጠረ፣ ምኑን ተወ ብዬ ነው። ስለዚህ የዶክትሬት ጥናቴን ወደዚህ አዞርሁት፤ በየሳይንሱ መስክ ያሉ መጽሔቶች የሚመልሱትን ጽሑፍ እንዴት ነው የሚለኩት? አማካሪዬ በሳል ሴት ናቸው። በስሜ ጥሪኝ፣ አንቺ በይኝ ብለው ቢለምኑኝም አፌ እሺ አላለኝም፤ ሐሳቡን ግን ወደዱት። የክፍላችን ሕግ ግልጽ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ጽሑፍ ታትሞ ካልታየ ለመመረቂያ ፈተና መቅረብ የለም። የመኖሪያ ፈቃዴም፣ አገር ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ የሰጠኝ የትምህርት ፈቃድም በዚያ የፈረንጅ በጋ ማብቂያ ላይ ያበቁ ነበር።

ለየመጽሔቱ ቢሮ ጻፍሁ። አንዳንዱ በትሕትና መለሰ፣ አንዳንዱ ዝም አለ። የጻፉልኝን መልስ ሳነጻጽር ጉዱ ወጣ። አንዱ መጽሔት አርታኢው ለገምጋሚ ሳያሳይ የመለሰውን ጽሑፍ ከቁጥር አያስገባም፤ የጎረቤት መስክ መጽሔት ያስገባል። አንዱ ታርሞ ዳግም የተላከን ጽሑፍ እንደ አዲስ ይቆጥራል፤ ሌላው እንደ ነባር። አንዱ ገና በግምገማ ላይ ያለውን ከተላከው ጋር ይደምራል፤ ሌላው ይቀንሳል። ሁሉም ግን የመጨረሻዋን ቁጥር በአንድ ስም ይጠራታል፤ ሰውም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የሕክምናው ይበልጣል፣ የሒሳቡ ያንሳል እያለ ያወዳድራል።

ከሁሉ የገረመኝ የፊዚክስና የታሪክ ነገር ነው። ፊዚክስ መጽሔቶች ከሚላክላቸው የሚበዛውን ያትማሉ፤ የታሪክ መጽሔቶች የሚበዛውን ይመልሳሉ። ይህን ያየ ሰው የታሪኩ ጥብቅ፣ የፊዚክሱ ልል ነው ይላል። ባልደረባዬን በዚህ ቀለድሁበት፤ በሩ ክፍት ቤት ነው ያደግኸው አልሁት። እሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

«እኛ ወደ መጽሔት ሳንልክ እርስ በርሳችን ተበላልተን ነው የምንጨርሰው» አለኝ። «ደካማው ጽሑፍ በር ላይ አይደርስም። መንገድ ላይ ይሞታል።»

እውነቱን ነው። ፊዚክስ ውስጥ ጽሑፉ ከመላኩ በፊት አብረው የሠሩት ሁሉ ያነቡታል፣ ለሌላም ያሳዩታል። የታሪክ ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ይጽፋል፤ የመጀመሪያ አንባቢው መጽሔቱ ሊሆን ይችላል። ወዲያው የጋይንት አርብ ገበያ ታየኝ። አንዱ ገበሬ ገብሱን እቤቱ አበጥሮ፣ ንጹሑን በአህያ ጭኖ ይመጣል። ሌላው ከነገለባው ያመጣና ገዢው ፊት ይበጠርለታል። ገበያው መሬት ላይ የወደቀውን ገለባ ብቻ ሰፍሮ የዚህ ማሳ ከዚያ ይብሳል የሚል ሰው ቢመጣ ያገሬ ሰው ምን እንደሚለው አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ጽሑፉን በዚህ መንገድ ጻፍሁት። አማካሪዬ አንብበው ጥሩ ነው አሉ፤ ነገር ግን ከፊት አንድ ሠንጠረዥ ይግባበት፣ መስኮቹ ከጥብቁ እስከ ልሉ በተራ ይደርደሩ አሉ። አንባቢ የሚፈልገው ያንን ነው። መደርደር አይቻልም ብዬ የጻፍሁትን ጽሑፍ በድርደራ እንዲጀምር ማድረግ ከበደኝ። ቢሆንም እሳቸውን ስለማከብር አንድ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ከሥሩ ደግሞ ለምን እንደማይታመን የሚያስረዳ ረጅም ክፍል ጻፍሁ። በዚያው የልብ ሙቀት ቤተ ልሔምንም አስገባሁ፤ ማንም ውድቅ የማይደረግበት፣ የተመለሰ ሁሉ እስኪያውቅ ድረስ የሚጠበቅበት ቤት አለ ብዬ። ሳነበው ኮራሁ።

አባቴን ያገኘሁት ከቀናት በኋላ ነው፤ ኔትወርኩ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመለስ። የጻፍሁትን ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁለት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁ። ጨርሼ፣ አባየ፣ ሰሙኝ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ሰማሁ» አለኝ። «የወደቀ የለም ብለሽ እንዳትጽፊ።»

«እርስዎ አይደሉም ወይ የነገሩኝ?»

«እኔ የነገርሁሽ የተመለሰውን ነው። የሄደውን መች ነገርሁሽ?»

ከዚያ በጎጆ አብሮት ይኖር ስለነበረ ተማሪ አወራኝ። ድምፁ ከአባቴ ይበልጥ ነበር። አንድ ምልክት ላይ ደጋግሞ ተመለሰ፤ የኔታ አልተቆጡትም፣ አጥንተህ ና ነው ያሉት፣ ደግ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከእህል ልመና ሳይመለስ ቀረ። ወደ ስማዳ ወርዶ አራሽ ሆነ አሉ። አባቴ ለማረጋገጥ አልጠየቀም፤ የኔታም አልጠየቁም። በጉባኤው ቦታው ላይ ሌላ ተቀመጠ።

«እኛ ሰው አይወድቅም እንል ነበር» አለኝ አባቴ። «የሄደውን ስለማንቆጥር ነው። እንዲያ እንደሱ ያለ ስንት አለ? እኔ አላውቀውም። አንቺም አታውቂው። እንግዲህ የምታውቂውን ጻፊ።»

የኮራሁበትን አንቀጽ በዚያው ቀን ሰረዝሁት። በምትኩ አባቴ ፈቅዶልኝ እሱ ያለውን ጻፍሁ። የትኛውም መስክ፣ የትኛውም መጽሔት፣ የእኔም አገር ጭምር፣ የሚቆጥረው በሩ ላይ የቆመን ሰው ነው፤ አንዴ ተመልሶ ተስፋ የቆረጠውን፣ ይመልሱኛል ብሎ ጭራሹን ያልላከውን የሚቆጥር መለኪያ የለም። ፊዚክስም ውስጥ መንገድ ላይ የሞተው ጽሑፍ ባለቤት አለው። እሱን የማናውቅ ከሆነ የትኛው መስክ ጥብቅ፣ የትኛው ልል እንደሆነ አናውቅም። በጽሑፉ ውስጥ ሳልፈራ የጻፍሁት ክፍል ይህ ነው።

ሌላ መጽሔት ላክሁት፤ ከገምጋሚዎቹ ጋር ተመላልሰን ወደ መጨረሻው ደረስን። አርታኢው እንቀበላለን ብለው ጻፉ። ነገር ግን ሠንጠረዡ ከፊት ይቆይ፣ ሠንጠረዡ ለምን እንደማይታመን የሚናገረው ክፍል ይሰረዝ፤ የዜማ ትምህርት ቤቱም የሳይንስ መስክ ስላልሆነ ይውጣ። የሚመች ሆኖ ካገኘሁት በሳምንት ውስጥ እንድመልስ፤ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።

የሚቀጥለው እትም ከፈቃዴ ማብቂያ በፊት ነበር። ይህን ጽሑፍ ካሳተምሁ ተመርቄ ወደ አገሬ እገባለሁ፤ ካላሳተምሁ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አማካሪዬ ቢሯቸው ጠርተው ሻይ አቀረቡልኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ለእኔ ነው የተጨነቁት።

«አሁን አሳትሚው» አሉኝ። «ተመረቂና ከዚያ በኋላ ተከራከሪያቸው።»

ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ ሰው ሠንጠረዡን አይቶ የጨረሰ ነው አልኋቸው። ገንዘብ መዳቢ አይቶ የአንዱን መስክ በጀት ይቆርጥበታል፤ የዩኒቨርሲቲ አለቃ አይቶ የታሪክ መምህሩን ሰነፍ ይለዋል። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ስም አለ።

«ውሸት እኮ አይደለም። ቁጥሮቹ እነሱው የሰጡሽ ናቸው።»

«ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጡ ነው ውሸቱ። እኔ የሐሰት ምስክር አልሆንም።»

አማካሪዬ ሃይማኖት ወደ ጥናት አታምጪ ሊሉ እንደነበር ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ጨዋ ስለሆኑ ተዉት። ስሜን ጠርተው፣ እኔ ልረዳሽ የምችለው እስከዚህ ነው አሉኝ። ሻዩን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። እቤቴ ገብቼ ጸለይሁ። ከዚያ ለአርታኢው ጽሑፌን ወስጃለሁ፣ እንዳታትሙት ብዬ ጻፍሁ።

ምረቃው ያለ እኔ አለፈ። ነጭ ለብሼ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥሁና ለባልደረባዬ አጨበጨብሁ፤ እልልታም ጨመርሁለት፤ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የመኖሪያ ፈቃዴን እስከ ብርዱ ወራት አራዘሙልኝ። አገር ቤት ያለው ክፍል ግን ቦታዬን ለዘለዓለም እንደማይጠብቅ አስታወቀኝ። አባቴ ይህን ስነግረው አልመከረኝም፣ አላጽናናኝምም፤ ቤትሽ አለ አለኝ፣ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

ከዚያ ጽሑፌን የወሰድሁበት መጽሔት የዓመቱን ቁጥር ሊያወጣ ሲል አንድ ነገር አሳሰበኝና ለቢሮው ጻፍሁ፤ የእኔ ጽሑፍ በየትኛው ውስጥ ተቆጠረ? ፈጥነው መለሱ። እኛ ዘንድ የታተመና የተመለሰ ብቻ ነው ያለ፤ ያልታተመ ሁሉ ከተመለሱት ነው።

አንዴ ደግሜ አነበብሁት። እነሱ ተቀብለውኝ ነበር። ትቼ የሄድሁ እኔ ነኝ። አሁን ግን የዓመቱን ቁጥር ከፍ አድርጌ፣ የእነሱን ጥብቅነት መስክሬ ልቀመጥ ነው።

አልተመለስሁም፣ ራሴ ነኝ የወሰድሁት፣ ከተመለሱት ጋር አትቁጠሩኝ ብዬ ጻፍሁ። ለዚያ የሚሆን ረድፍ የለንም አሉ። እንግዲያው ረድፍ ክፈቱ አልሁ። ለአንድ ሰው ብለን አንከፍትም አሉ፤ አንድ መሆኔን በምን አወቃችሁ፣ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ ወይ አልኋቸው። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ፣ አንቺ ከወጣሽበትም ቤት በር ላይ ቆመሽ ትከራከሪያለሽ አለኝ። አዎ አልሁት።

ጽሑፉን ወደ ሌላ መጽሔት ልኬዋለሁ። ሠንጠረዡን ሰርዤ፣ ከቢሮው ጋር የተጻጻፍነውን ስማቸውን ሳልጠራ ጨምሬበታለሁ። እስካሁን መልስ የለም። ረድፍ ክፈቱ ላልሁት መጽሔት ግን ትናንትም ጽፌያለሁ፤ ነገ ሰኞ ነው፣ ቢሮ ሲከፈት እንደገና እጽፋለሁ።