የሁለት ወንድማማች ቁርሾ

ቁርሾ ጠብ አይደለም። ጠብ ይጮኻል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ያልቃል። ቁርሾ ግን እሾኹ ወጥቶ ስባሪው ሥጋ ውስጥ ሲቀር ነው፤ ሰላምታ አለ፣ ሳቅ የለም። የባሕር ዳሩ ታንኳ ሠሪ ኑርሑሴን ከታላቅ ወንድሙ ከአብዱልመጂድ ጋር የነበረው ይኸው ነው።

ነገሩን ያመጣው፣ ድራሹ ይጥፋና፣ ጣሊያን ነው። አርበኞች ሐይቁን እንዳይሻገሩ ታንኳ ሁሉ በአንድ ዳር ይታሰር ብሎ አዘዘ። ኑርሑሴን የራሱን ታንኳ ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ሸሸገ። ወታደሮቹ አብዱልመጂድን ይዘው ገረፉት፤ ጀርባው ሲተለተል መደበቂያውን አሳየ። ታንኳውን በሳንጃ ዘነጣጠሉት።

ኑርሑሴን የወንድሙን ጀርባ አይቷል። አለንጋ ምን እንደሚያናግር ያውቃል። ያንገበገበው ሌላ ነው፤ «ምነው አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ‹በደልሁህ› ቢለኝ!» ይላል። አብዱልመጂድ ደግሞ፣ «ታላቁ እኔ፣ የተገረፍሁት እኔ! እሱ አይደል መጥቶ ‹ጀርባህ እንዴት ነው?› ሊለኝ የሚገባ?» ይል ነበር።

የደንገል ታንኳ ለብቻ ታስሮ አይሠራም፤ አንዱ ደንገሉን ሲጠፍር ሌላው ገመዱን ይወጥራል። ከዚያ ወዲህ ግን ኑርሑሴን ገመዱን በእግሩ ጣት ይዞ ብቻውን ሲታገል ይውላል። ታንኳው ላላ፣ ንዴቱ ጠና።

እንዲህ እንዳሉ አብዱልመጂድን ወባ ገደለው።

ሬሳው ሊሰገድበት ፊት ለፊት ሲቀመጥ ሼህ ሙሀመድሰዒድ እንደ ወጉ ጠየቁ፤ «ይህ ወንድማችን የበደለው ሰው ካለ በሰው ፊት አውፍ ይበለው፤ ይቅር ይበለው።»

«አውፍ! አውፍ!» የሚል ድምፅ ከየረድፉ ተሰማ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ኑርሑሴንን አየ። የእሱ ደም ግን ፈላ። «ዛሬም ይቅርታ ሳትለምነኝ ልትሄድ ነው?» አለ በልቡ። አውፍ ማለቱንስ ይለዋል፤ ግን ወንድሙ ትንሽ ይጠብቅ!

«ኑርሑሴን፣ ልጄ፣ ሬሳ አይቆይም» አሉ ሼሁ።

ኑርሑሴን አፉን ሲከፍት አንድ የጣሊያን ባንዳ ደረሰ። «ስብሰባ ክልክል ነው! ቶሎ ቅበሩ!» እያለ ሰዉን በሰደፍ ይገፋ ጀመር። ሼሁ ተጣድፈው «አላሁ አክበር» አሉና ሶላቱን ጀመሩ። ኑርሑሴን አፉን ዘጋ።

ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበተን እሱ ከመቃብሩ አጠገብ ቀረ። መጀመሪያ ባንዳውን ረገመ፤ ቀጥሎ ወንድሙን፤ በመጨረሻ ራሱን።

«አውፍ ብየሃለሁ!» ብሎ ጮኸ። «አንተም አውፍ በለኝ፤ ጀርባህን ሳልጠይቅህ ቀረሁ!»

የሰማ ሰው አልነበረም።