በአንድ የእንሰት ቅጠል ሥር

ዘመኑን ከጠየቅኸኝ በእርግጠኝነት አልነግርህም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ እሱ የታወቀ ነው። ቀበሌው አዲስ ማኅተም ካስቀረጸ በኋላ፣ ቦንጋ ደግሞ ባጃጅ የሚባል ነገር ከማየቷ በፊት። በዚያ መሐል የትኛው ዓመት እንደሆነ ባለቤቴ አንድ ትላለች፣ እኔ ሌላ እላለሁ፤ እስካሁን የፈረደልን ሰው የለም። ክረምቱ አልወጣ ብሎ እንዳስቸገረ ግን አስታውሳለሁ፤ መንገዱ ሁሉ ቀይ ጭቃ ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ያለፈው ሳምንት ባጃጅ ውስጥ የሆነው ነው። ከጎኔ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ተሳፍራለች። ባጃጁ ቁልቁለቱ ላይ ሲታጠፍ የሕፃኑ ክንድ ክንዴ ላይ አረፈ፤ ከረመጥ የወጣ ድንች በለው። የሕፃን ትኩሳት ከአዋቂ ትኩሳት ይለያል፤ ደረቅ ነው፣ ሽታም አለው፤ ጎምዘዝ ያለ፣ የረጋ ወተት የመሰለ። አፍንጫዬ እኔን ሳያማክር ወደ ድሮው ይዞኝ ሄደ።

«ስንት ቀኑ ነው ልጄ?» አልኳት።

«ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው አባባ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ያልፋል ብለው መለሱኝ።»

«ዛሬም ያልፋል ቢሉሽ እዚያው ቁጭ በይ። እንዳትነሺ።»

ልጅቷ ሽማግሌው ምን ነካው ብላ አየችኝ። ምን እንደነካኝ ለአንተ ልንገርህ።

ያኔ ባለቤቴ አራስ ነበረች። ሁለተኛውን ልጃችንን ከተገላገለች ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላትም። የመጀመሪያዋ ልጃችን ሁለት ዓመት አልፏታል፤ አፏን ፈትታለች፣ ዶሮ ስታባርር ነው የምትውለው። አንድ ቀን ዓይኗ ቀልቶ፣ አፍንጫዋ ፈስሶ፣ ሰውነቷ ሲነድ ዋለ። በአራተኛው ቀን ከጆሮዋ ኋላ የጀመረ ሽፍታ ፊቷን፣ አንገቷን፣ ደረቷን አለበሳት። መንደሩ አንዴ አያትና «ኩፍኝ» አለ።

ኩፍኝ የገባበት ቤት ሥርዓት ነበረው። መስኮት ይዘጋል። ልጁ አይታጠብም። ከመንገድ የመጣ ሰው ላቡን ይዞ አይገባም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መርፌ አይነካውም፤ መርፌ ከነካው ሽፍታው ወደ ውስጥ ተመልሶ ልብ ላይ ይቀመጣል ይሉ ነበር። እኔም አመንኩ። ሌላ የሰማሁት ነገር አልነበረም፤ ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ስሜን እስከ መጻፍ ነው። ልጄን ይዤ፣ ከአራሷና ከጨቅላው ርቄ፣ ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው የቡና ማከማቻ ጎጆ ገባሁ። ጎጆዋ የቡና ገለፈትና የእርጥብ ሣር ሽታ ነበራት። በግድግዳው ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ጣት ጣት አክሎ ወለሉ ላይ ይጋደማል።

«ወንድ ሕፃን ማስታመም ምን ያውቃል!» ብለው አማቴ ተከትለውኝ ገቡ። ልጃቸውን ሊያርሱ ከቢታ ገነት ማዶ የመጡ ናቸው። አራሷን ለታናሽ እህቷ ትተው ከእኔ ጋር ተዘጉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያኔ በእኛ መንደር አማትና አማች ፊት ለፊት አይተያዩም። አንዱ በሌላው ፊት እህል አይቀምስም። ቃልም በቀጥታ አይለዋወጡም፤ ሰው መሐል ይገባና ያቀባብላል። ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖን የአማቴን መልክ በደንብ አላውቀውም ነበር። የማውቀው የነጠላቸውን ጥለትና የእግራቸውን ጣት ነው።

በዚያች ጠባብ ጎጆ መሐላችን የገባችው እንግዲህ ልጄ ሆነች።

«አባትሽን፣ ጭሱ ፈጀን፣ ያንን እርጥብ እንጨት ያውጣልን በይው» ይላሉ አማቴ ወደ ግድግዳው ዞረው።

ልጄ በደከመ ድምፅ «አባዬ፣ እንጨት» ትለኛለች።

«አያትሽን፣ እሺ በያቸው።»

«አያዬ፣ እቺ።»

«አባትሽን፣ እሺታ እንጨት አያወጣም በይው!»

መልእክቱ ሲበዛባት በራሷ ታሳጥረዋለች። አንድ ጊዜ አማቴ «አባትሽ ይብላ፣ እኔ ወጣ ልበል በይው» ሲሉ እሷ «አባዬ፣ ውጣ» አለችኝ። ቆጮዬን ይዤ ወጣሁ። አማቴም ወጥተው ኖሮ ሁለታችን ክዳኑ ጠርዝ ሥር ጀርባ ለጀርባ ቆመን በዝናብ ተመታን። ያን ቀን አማቴ ሲስቁ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ዞሬ ግን አላየሁም።

ሽፍታው ጠቆረ፤ ቆዳዋ እንደ ፉርሽካ መርገፍ ጀመረ። የጎረቤት ልጆችንም ይዟቸው ነበር፤ እነሱ በዚህ ጊዜ ተነሥተው ጭቃ ይጫወታሉ። የእኔዋ ትኩሳት ግን ጠዋት ረገብ ይልና ከሰዓት በኋላ መንገዱን እንደሚያውቅ በሬ ተመልሶ ይመጣል። በር ላይ የሚቆመው ሰው ሁሉ «ያልፋል» ይለኛል። እኔም «ያልፋል» እላለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አማቴ «አባትሽን፣ ውሃ ያቀብለኝ በይው» አሉ። ልጄ ዝም አለች። «በይው እንጂ የኔ እናት።» ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን አልዞረችም። ዝናቡ የሣር ክዳኑን ሲመታ ብቻ ይሰማኛል። አማቴ ሦስተኛ አልጠየቋትም። ቀስ ብለው ዞሩና ዓይኔን አዩኝ።

«አንተ» አሉኝ። «ይህች ልጅ ከእጃችን እየወጣች ነው። ምን ትጠብቃለህ?»

ነውሩ አስደነገጠኝ ብልህ ውሸት ነው። ያስደነገጠኝ እሳቸውን የሚያህል ሰው ነውሩን ያስረሳው ፍርሃት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ልንወጣ ስንል አጎቴ በር ላይ ቆሙ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በመንደሩ ቃላቸው አይታለፍም። በትራቸውን በበሩ አግድም ያዙት።

«ነፋስ ልታስመታት ነው? መርፌ ልታስወጋት? ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንተው ትገድላታለህ!»

«ወደ ውስጥስ ከገባ ሰነበተ፣ አጎቴ። የሚያወጣልኝ ፍለጋ ነው የምሄደው።»

«ከአማትህ ጋር? በገበያ ቀን?»

«ከአማቴ ጋር። በገበያ ቀን።»

እኔ መቆጣት የማልችልበት ሰው ነኝ፤ ያን ቀንም ድምፄ ከፍ አላለም። በትሩን ግን ዝቅ አድርጌ አለፍኩ። መልሰው አላነሡትም። እሳቸውም ልጅ የቀበሩ ሰው ነበሩ፤ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ልጄን በአንቀልባ አዘልኳት። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ቢያቅፍ ነው፤ ማዘል የሴት ነው። እቅፍ ግን የግማሽ ቀን ጭቃ አያስኬድም። አስተሳሰሩን አላውቅበት ብል አማቴ ፊቴ ቆመው ጠፍሩን ደረቴ ላይ ጥርቅም አድርገው አሰሩልኝ። ገበያተኛው ማሩንና ኮረሪማውን ተሸክሞ መንገዱን ሞልቶታል።

«ኧረ እዩልኝ፣ ወንድ አዝሏል!»

«ጡትም አብቅሎ እንደሆነ ጠይቁት!»

«አማቱንም አስከትሏል! ዛሬስ ሰማይ ይደፋል!» አለች አንዲት ማር የተሸከመች ሴት።

አማቴ ሳይዞሩ «እየተደፋ አይደል እንዴ? አርፈሽ ማርሽን ሸፍኚ!» አሏት። እውነትም ዝናቡ ጀምሯል። ከመንገድ ዳር አንድ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው በልጄ ራስ ላይ ዘረጉ። ቅጠሉ እሷን ከሸፈነ እኔን ይሸፍናል፤ እኔን ከሸፈነ እሳቸው ካልተጠጉ አይደርሳቸውም። ተጠጉ። ትከሻችን እየተነካካ ሄድን። ጠብታው ቅጠሉ ላይ ሲንዶቆዶቅ፣ የተቆረጠው አረንጓዴ ሲሸት፣ ጀርባዬ ላይ ደግሞ ያች ፍም ስትቃጠል ዛሬም ይሰማኛል። የሚያየን ሁሉ ያየናል። ይይ! አልኩ በልቤ።

ቦንጋ ደርሰን ጤና ጣቢያ ገባን። ሰልፉ እስከ አጥሩ በር ነው። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ ወጣት ጤና ረዳት ልጄን ከላይ ከላይ አየና «ኩፍኝ ነበር፤ እያለፈ ነው። ይህን ሽሮፕ እየሰጣችሁ ቤት አስተኟት» አለ። አልፈርድበትም፤ ከጠዋት ጀምሮ ምሳ እንኳ ያልቀመሰ ልጅ ነበር።

ነጭ ጋዋን ስፈራ ያደግሁ ነኝ፤ እግሬ «እሺ» ብሎ ዞሯል። አጥሩ ጋ ስደርስ አማቴ የሉም። ዞሬ ባይ የምርመራው ክፍል ደፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከእኛ ጋር በአገራችን ቋንቋ ነው የሚያወሩት፤ አማርኛ ብዙ አይችሉም ነበር፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚሉት።

«አንቺ፣ በሩን ዝጊ እስቲ!» አሉት ጤና ረዳቱን።

ሰልፉ ሳቀ። እኔ ግን አላሳቀኝም፤ አፈርኩ። ተመልሼ ከጎናቸው ቆምኩ።

«ጌታዬ» አልኩት፣ «ሁለት እንግዶች አብረው መጡብን፤ ሽፍታና ትኩሳት። ሽፍታው ተሰናብቶ ሄደ። ይኼኛው ግን ተቀምጧል። የኩፍኝ ጓደኛ ቢሆን አብሮት በሄደ ነበር። ሌላ ነው። ማን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«ሐኪሙ አንተ ነህ እንዴ?»

«አይደለሁም። ግን እስካሁን ያቀፍኳት እኔ ነኝ፤ እርስዎ የነኳት አሁን ነው። አንሄድም።»

በሕይወቴ ለመንግሥት ሰው «አንሄድም» ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉ ግን ደህና አድርጎ ወጣ።

ጫጫታውን ሰምተው አንዲት ሸምገል ያሉ ሲስተር ከጎረቤት ክፍል መጡ። ልጄን ከጀርባዬ ፈትተው ወሰዷት። ደረቷን አዳመጡ፤ ቆዩ። ከዚያ ከጆሮዋ ኋላ በጣታቸው ጫን ቢሉ፣ ከትናንት ጀምሮ ድምፅ ያልነበራት ልጅ ጮኸች። ከጆሮዋ መግል ወረደ።

«ኩፍኙስ ሄዷል» አሉ ሲስተሯ። «ጆሮዋንና ሳንባዋን አቁስሎ ነው የሄደው። አልጋ ስጧት።»

መርፌው ሲመጣ አማቴን አየኋቸው። እኔ ብቻ አልነበርኩም የምፈራው። እሳቸው የመርፌውን ወሬ ከእኔ ይበልጥ ያምኑት፣ መርፌውንም ከእኔ ይበልጥ ይፈሩት ነበር። ፊታቸውን አዙረው የእጄን አንጓ ጭምቅ አድርገው ያዙና «ውጊ» አሉ።

አልጋው አንድ ነበር። ወንድ አስታማሚ እዚያ አያድርም ተባለ፤ አልወጣሁም፤ ሰልችቷቸው ተዉኝ። አማቴ ቆጮውን ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ሰጡኝ። አየር ላይ ይዤው ቀረሁ።

«ብላ» አሉኝ። «የምናፍርበት ቤታችን ነው፤ እዚህ ሥራ አለብን።»

በላሁ። እሳቸውም በሉ። እያየኋቸው።

በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ጠዋት ላይ ፀሐይ ገብታ አልጋው ላይ ተኝታለች። አማቴና እኔ ስለ ጨቅላው ስም እንከራከራለን። ልጄ ዓይኗን ገልጣ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ደግሞ እኔን። ሹመቷን የወሰድንባት መሰላት መሰለኝ፤ ከንፈሯን ጥላ ማልቀስ ጀመረች። ግንባሯን ብነካው ቀዝቅዟል። አማቴ ወጥተው ሄዱ፤ ቆይተው ሲመለሱ ፊታቸውን ታጥበው ነበር።

መንደር ስንገባ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ነውር ሠርታችኋል፣ ማር ይዘህ ና፣ ይቅርታ በል አሉኝ። «ማሩን ልጄ ትብላው» አልኳቸው። አጎቴ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ግን ቀድመው ከስብሰባው የተነሡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ከአማቴ ጋር በአንድ ገበታ በላን፤ የፈለገ ይይ ብለን።

ልጄ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። በግራ ጆሮዋ አትሰማም፤ ሰው ሲጠራት ወደ ቀኝ ዞራ ነው የምትመልሰው። አማቴ ካረፉ ቆይተዋል። መቃብራቸው ላይ ለሚቆመው ሰሌዳ ስማቸውን ተናገር ሲሉኝ አፌ ተያዘ። አማች የአማቱን ስም አይጠራም፤ ሌላውን ሁሉ ነውር ጥሼ ያችን አንዷን አልነካኋትም ነበር። ልጄ ተናገረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እዚያ ቆሜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እኔ መናገር ነበረብኝ።

እንግዲህ ላንተ ልናገረው። ዘነበች ይባላሉ። ዘነበች።