ልስን ላይ የታሰረ መቀነት

ሲይዙኝ በእጄ የነበረው የቢሮዬ ቁልፍ ብቻ ነው። በእሱ ነበር የትምህርት ቤቱን ኮለኖች፣ ምሰሶዎቹን፣ ሳንኳኳ የሰነበትኩት። መንዝ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ፣ ሥራ ተቋራጮቹ የተሰነጣጠቁትን የኮንክሪት ኮለኖች በጥቁር የካርቦን ፋይበር ጨርቅ ጠቅልለው "አጠናክረናል" ብለዋል። እኔ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበርኩ። ሳንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ጨርቁን በሙጫ የለጠፉት ኮንክሪቱ ላይ ሳይሆን አሮጌው ልስን ላይ ነው። ይህንኑ ጻፍኩ፤ ወላጆች በስብሰባ ሲጠይቁኝም ደገምኩት። በማግስቱ ሕዝብ አነሳሽ ተባልኩ።

ያስገቡኝ ክፍል የእህል መጋዘን ነበር፤ የገብስ ብናኝ ይሸታል። በሩ ላይ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክር፣ በመጨረሻም የአንገቴን ማተብ ፈለጉ።

"እሱ እንኳ ይቅርልኝ" አልኩ።

ፖሊሱ ፊቴን ሳያይ በመቀስ ቆረጠው። ያን መቀስ ይቅር ማለት እስከ ዛሬ አቅቶኛል፤ ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ።

ውስጥ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ልጃቸው ስለሚፈለግ በእሱ ምትክ ከቀየት ገበያ ነው የተያዙት። የለበሱትን የበግ ጠጉር ባና ግማሹን ደረቡልኝና፣

"አንቺስ ምን አርገሽ ነው?" አሉኝ።

"ግንብ አንኳኩቼ፣ እማማ።"

"ለዚህም ይታሰራል? እኔስ ወልጄ ነው።"

ጨርቁ ኮለኑን አጥብቆ የሚይዘው ከኮንክሪቱ ከራሱ ጋር ሲጣበቅ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ወገባቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ስንወልድ ወገባችንን በመቀነት እንጠፍራለን። እነሱ መቀነቱን ባናው ላይ አሰሩት በይኛ።"

"አዎን፣ እማማ።"

"ታዲያ ወገቡን ምን ያዘው?"

እኔ ይህን በሦስት ገጽ ነበር የጻፍኩት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፦ ኮለኖቹ በአግባቡ ተጠናክረዋል ይላል።

"ፈርሚና ወደ ቤትሽ ሂጂ። እሑድ የትምህርት ቤቱ ምረቃ ነው። ለጨርቅ ብለሽ ትታሰሪያለሽ?"

"ከላዩ ጣሪያ አለ፤ ከሥሩ ልጆች" አልኩ።

ብዕሩን ተቀበልኩ። ከመፈረሚያው በላይ "ጨርቁ ተነሥቶ ልስኑ ይታይ" ብዬ ጻፍኩና ሙሉ ስሜን አኑሬ ፈረምኩ። ቀደደው። መልሶ ቆለፈብኝ።

እማማ ቅዳሜ ተፈቱ። የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። እሑድ ምረቃው ላይ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት፣ በምርኩዛቸው ኮለኑን መትተው "ባዶ ነው፤ ኑ ስሙት" አሉ። ወላጆች ተራ በተራ እየቀረቡ አንኳኩ። ሰኞ አንድም ልጅ ክፍል አልገባም። ጨርቁ ሲላጥ ልስኑ አብሮት ረገፈ፤ ሥራው እንደገና ከኮንክሪቱ ከራሱ ተጀመረ።

እኔን ግን ሁለት ወር ጨምረው አሰሩኝ። ልክ ነበርሽ ያለኝ የለም። ማተቤንም የመለሰልኝ የለም።

አሁን የምኖረው ሩቅ፣ ባና የማያስፈልግበት ቆላ ነው። አዲስ ማተብ አስሬያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ፣ ከመሳለሜ በፊት የደጁን ዓምድ በጣቴ አንኳኳለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ አደምጣለሁ።