ጀናዛው ድልድዩን ሲሻገር

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደርግ ጎረምሳውን እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚልክበት ጊዜ ነው። ነገሩን ለዓመታት አላነሳሁትም፤ ሰሞኑን ያስታወሰኝ የልጄ ጌም ነው።

ልጄ ሰሚራ የምትጫወተው፣ ክፍል በክፍል እየወጣ ዓመታት ያስቆጠረ የጥንት ዘመን ጌም አለ። አንዱ ክፍል በአንድ ጥንታዊ ከተማ ነው፣ ሌላው በሌላ። የምታጫውተው ሰውዬ ሲያሻው ሰው መሃል ገብቶ ይሰወራል፣ ሲያሻው ሰይፉን መዝዞ ይገጥማል። ሰሚራ ሁሌ ሰይፉን ነው የምትመዘው። «መደበቅ ይሰለቻል፣ እማ» ትለኛለች። ባለፈው ግን ዘበኞች በዙባትና ሰውዬውን ከመንገደኛ ጋር ቀላቀለችው። አንገቱን ደፍቶ በዘበኞቹ ጎን ሲያልፍ እጄ ቀዘቀዘ። በድሬዳዋ ሙቀት ተቀምጬ እጄ ቀዘቀዘ ስላችሁ እመኑኝ።

ወንድሜ ጀማል ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መጋላ ሰፈር ባለው ቤታችን ጓዳ ውስጥ፣ ከማሽላ ጆንያ ጀርባ ከተደበቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አብሮት ያደገው የጎረቤት ልጅ ሸምሱ የቀበሌ ጥበቃ ሆኗል። ሁለት ጊዜ መጥቶ አባቴን «አባባ፣ ጀማል ካለ ያውጡት። ቤቱ ሊፈተሽ ነው» ብሎታል።

ጀማል መሮት ነበር። «ወጥቼ እገጥማቸዋለሁ። አንዱን ሳልጥል አልያዝም» ይላል። አባቴ ደግሞ ቀበሌ ሄጄ ልጄን አልሰጥም ብዬ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ ባይ ነው።

አክስቴ መርየም በሁለቱም ሳቀችባቸው። እሷ ከጅቡቲ በባቡር ጨርቅ የምታመጣ ሴት ነች፤ ጨርቁን ከቀሚሷ ሥር ገላዋ ላይ ጠቅልላ በቀረጥ ፈታሾቹ፣ በፊናንሶቹ፣ ፊት ነው የምታሳልፈው።

«ፊናንስ የሚፈትሸው የሚሸሸውን ነው» አለችው ጀማልን። «እኔ ሁሌ ፊናንሱ አጠገብ ነው የምቀመጠው። ልጆች እንዴት ናቸው እያልኩ።»

«እንደ ሴት ልደበቅ?»

«አቦ ተወኝ። ሴትማ ብትሆን ይሄኔ ጅቡቲ ደርሰህ ተመልሰሃል።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ከቀትር ሶላት በኋላ የአንዲት ሴት ጀናዛ ለቀብር እንደሚወጣ ሰምታ መጣች። ሟቿን አናውቃትም። እኛ ዘንድ ጀናዛ ሲያልፍ ያየ ወንድ ሁሉ ገብቶ ጥቂት እርምጃ ይሸከማል፤ አጅር ነው፣ አላህ ዘንድ ምንዳ አለው፤ ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መቃብሩ ያለው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ከዚያ ወዲያ ሐርላ መንደር የእናቴ ዘመዶች አሉ። የአክስቴ ሐሳብ ጀማል ከተሸካሚዎቹ ጋር ተቀላቅሎ እንዲሻገር ነው። የሚያስፈራው ድልድዩ ነበር፤ ጥበቃዎች ቆመውበታል።

አክስቴ ጀማልን ሽርጥና ኮፍያ አለበሰችው። ለመግጠም የሸጎጠውን ቢላ ከወገቡ አውጥታ ጆንያው ላይ አስቀመጠች። ዞር ስትል መልሶ ሲሸጉጠው አየሁ። እሱም አየኝ። ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ የሚቆረቁረኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ሴት ጀናዛ አትከተልም። ስለዚህ ዘንቢል ይዤ፣ ገበያ የምሄድ መስዬ ቀድሜ ድልድዩ ጠርዝ ላይ ቆምኩ፤ የሆነውን አይቼ ለቤት እንድነግር።

ጀናዛው መጣ። ጀማል ከፊት በግራ በኩል ተሸክሟል። አንገቱን ደፍቷል። ልክ ድልድዩ ላይ ሲወጡ ከጥበቃዎቹ አንዱ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠና ወደ ጀናዛው ገባ። ሸምሱ ነው። ከፊት በቀኝ በኩል የነበሩት ሽማግሌ ቦታቸውን ለቀቁለት። ጀማልና ሸምሱ ጎን ለጎን ሆኑ፤ በመሃላቸው ቃሬዛው ብቻ።

ሸምሱ ዞር ብሎ አየው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የጀማል ነፃ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ሽርጡ ወረደ።  የድልድዩን ብረት ጨበጥኩ። ብረቱ በፀሐይ ግሎ ኖሮ መዳፌ ተላጠ፤ ያወቅሁት ግን ቤት ገብቼ ነው።

ሸምሱ ምን እንዳለው ጀማል በኋላ ነገረኝ። «ጀማል፣ ትከሻህን ዝቅ አርግ። ጀናዛው አዘንብሏል» ነው ያለው።

የጀማል እጅ ከወገቡ ተመለሰ። ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ሁለቱ እኩል ሆነው እስከ ድልድዩ ጫፍ ሄዱ። እዚያ ሸምሱ ቦታውን ለሌላ ሰው ለቀቀና ተመልሶ ጠመንጃውን ተቀበለ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎም አላየኝ።

ጀማል ማታውኑ ሐርላ ገባ። ደርግ እስኪወድቅ እዚያው ፍየል ሲጠብቅ ኖረ። ሸምሱን ማናችንም አላመሰገንነውም፤ ያኔ ማመስገን ሰውየውን ማስበላት ነበር። ኋላ ከሰፈር ወጣና የት እንደደረሰ አላወቅንም። እኔ አሁንም ጀናዛ ሲያልፍ ሳይ መጀመሪያ የማየው የተሸካሚዎቹን እጅ ነው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

ለአባቴ ያን ቀን ድልድዩ ላይ ያየሁትን ነግሬው ነበር። በማግስቱ የሟቿን ቤት ጠያይቆ አገኘና ሐዘን ሊደርስ ሄደ። ሦስቱንም ቀን ጠዋት ሄዶ ከወንዶቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ቤተሰቦቿ ምኗ እንደሆነ ሲጠይቁት «ልጄ ተሸክሟታል» ብቻ ነበር መልሱ።