ለኺድማ ወደ ገዳሪፍ

ሻንጣዬን ካርቱም መሐል ካለው ገበያ፣ ከሱቅ ዐረቢ ገዛሁ፤ ብቻዬን። ሻጩ ዚፑን እየከፈተ እየዘጋ ካሳየኝ በኋላ፣ «ዐሩስ ነሽ እንዴ?» አለኝ፤ ሙሽራ ነሽ ወይ ማለቱ ነው። ቀይ ስለመረጥኩ ይሆናል። አይደለሁም አልኩት። «ኢንሻላህ ትሆኛለሽ» ብሎ ትንሽ ቀነሰልኝ። በዚያ ሁሉ ግፊያ መሐል ሻንጣውን እየጎተትኩ ወደ ሚኒባሱ ስሄድ፣ ምነው ሙሽራ በሆንኩ አልኩ። ሙሽራ ብሆን ቢያንስ ሻንጣ የሚሸከምልኝ ሚዜ አላጣም ነበር።

የምሄደው ገዳሪፍ ነው። እዚያ ያለው የእኛው ቤተ ክርስቲያን ወጣቶቹን የሚያስተምርለት ሰው አጥቶ ነበር። ልጆቹ ሱዳን ተወልደው ሱዳን ያደጉ ናቸው፤ የዚያው ካህን በአማርኛ ሲሰብኩ አንገታቸውን ደፍተው ይቆያሉ፣ ሲወጡ «ምን አሉ?» ብለው በዐረብኛ ይጠያየቃሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሰው ላኩልን አሉ። የካርቱም ሰንበት ትምህርት ቤታችን ደግሞ እኔን መረጠ።

ለምን እኔን? እኔም እንደ እነሱ ስለሆንኩ ነዋ! የተወለድኩት ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነው። አማርኛዬ እንዲህ የተቃናው ካደግኩ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ የበዓል ቀን፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጦ ሲበላ፣ ካህናችን አባ ብቻቸውን ቆመው አየሁና አዘንኩላቸው። «አባ! ና ብላ!» ብዬ ጮህኩ። ዐረብኛ እንደኛ አንቱ የለውም፤ እኔ በምን ልወቅ? አዳራሹ ጭጭ አለ። አባ ግን እየሳቁ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ «እሺ፣ ይኸው መጣሁ» አሉኝ። ቤት ስንገባ እናቴ እየቆነጠጠች አንቱን አስጠናችኝ። ዛሬም አንቱ ስል ክንዴን ያመኛል።

እናቴ ከጎንደር ገጠር በመተማ በኩል በእግሯ የመጣች ሴት ናት። ስለ አባቴ ሲነሳ «ተዪው እቴ» ብላ ወሬውን ትቆርጠዋለች፤ ከዚያ በላይ አላውቅም። እኔን ያሳደገችኝ ሰው ቤት ሠርታ ነው። ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን፣ አንዲት ሐጃ ዘንድ። የምታድረው እዚያው ነው። ሐሙስ ማታ ትመጣለች፣ ዓርብ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንስማለን፣ ቅዳሜ ማለዳ ድልድዩን ተሻግራ ትሄዳለች። ሌላውን ቀን በኪራይ ክፍላችን ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ትንሽ ሳለሁ ጎረቤቶች ያዩኝ ነበር፤ ካደግኩ በኋላ «አንቺማ ሴት ወይዘሮ ሆነሻል» ብለው ተዉኝ። ቀን ሳጃና ሰፈር አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ የሰው ፀጉር እሠራለሁ፣ ማታ ቴሌቪዥን ከፍቼ የሰው ድምፅ እሰማለሁ። ብቸኝነት ይለመዳል የሚሉ ሰዎች ብቻቸውን ያልኖሩ ናቸው።

ጣጣው የመጣው በአንዲት ቃል ነው። እኔና እናቴ ስናወራ አማርኛውንም ዐረብኛውንም እንደ ሽሮና በርበሬ ነው የምንቀላቅለው። እኛ ወጣቶቹ ደግሞ ዐረብኛ ከሚናገሩ ክርስቲያን ጓደኞቻችን ጋር ስንውል፣ የቤተ ክርስቲያንን አገልግሎት «ኺድማ» ማለት ለምደናል። አንድ ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ እየበላን፣

«እማዬ፣ ገዳሪፍ ለኺድማ ልሄድ ነው» አልኳት።

ጉርሻዋ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«የማን ቤት?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። የሰው ቤት ሠራተኛ በዐረብኛ ኸዳማ ትባላለች፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ኸዳማ ናት። ለእሷ ኺድማ ማለት የሰው ሽንት ቤት ማጠብ ነው። እኔ ሞኟ ደግሞ ቀልድ አማረኝና፣

«የእግዚአብሔር ቤት» አልኳት እየሳቅኩ።

«እሱስ ይከፍላል?»

«እማዬ! አገልግሎት ማለቴ ነው እኮ። ወጣቶች ላስተምር።»

«ገብቶኛል።» ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «ምን፣ ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ? እኔ የሰው ቤት ያገለገልኩት አንቺ አገልጋይ እንዳትባይ ነው።»

«በቤተ ክርስቲያን እኮ አገልጋይ መባል ክብር ነው።»

«ክብር ሲያገለግሉሽ ነው እንጂ ስታገለግይ አይደለም። እኔን ጠይቂኝ።»

እኔም ግልፍተኛ ነኝ፣ ያው የእሷው ልጅ። «ታዲያ እዚህ ተቀምጬ ግድግዳ ልይልሽ?» አልኳት። «ሳምንቱን ሙሉ ማንን ነው የማዋራው?» ማልቀሴን እንዳታይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሷ ትሪውን አንስታ ወጣች፤ ውጭ ካለው ቧንቧ ሥር ስታጥብ ይሰማኛል። ከሚገባው በላይ አጠበችው።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አላነሳችውም። ሐሙስ ሐሙስ እንደ ወትሮዋ ትመጣለች፣ ስለ ሐጃ የስኳር በሽታ ታወራለች፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ ታወራለች። ሻንጣው እግሯ ሥር ተቀምጦ እንዳላየች ትሻገረዋለች። እኔ የምጠብቀው ምርቃቷን ነበር። እናት ሳትመርቀው የሄደ ሰው መንገዱ አይቀናውም ይባላል፤ እንኳን ይህን የሚያህል ነገር፣ ልጅ ሆኜ ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ «በሰላም ግቢ» ሳትለኝ ወጥቼ አላውቅም። ሌሎችን ልጆች ስለ እናትና አባት ክብር ላስተምር ነው የምሄደው። ሳልመረቅ ሄጄ ምን ብዬ ፊታቸው ልቁም?

አባን አማከርኳቸው። «ታገሺ፣ የእናት አንጀት ነው፣ ይራራል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባለው ነገር ሲታደል ተኝቼ ነበር። ቢሆንም ታገስኩ።

ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሽኝት አዘጋጀልኝ። መዝሙር ተዘመረ፣ ጋቢ ተሸለምኩ፣ ለስላሳ ተጠጣ። የመጣው ሰው ሁሉ «ታድለሽ!» ይለኛል። «እግዚአብሔር መረጠሽ፣ ታድለሽ!» እኔም «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ዙሪያዬን አያለሁ። አብረውኝ ፊደል የቆጠሩት፣ አብረውኝ ከበሮ የተማሩት የሉም። አንድ ዓርብ ከመዝሙር ክፍሉ አንድ ሰው ይጎድላል፤ ማንም የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም፤ በሊቢያ በኩል መውጣቱን ሁሉም ያውቃል። በሚቀጥለው ዓርብ ሌላ ይጎድላል። ስንቱን ሸኝቼ በራሴ ሽኝት ላይ ልጅነቴን የሚያውቅ አንድ ሰው አላገኘሁም። ከዚያ ሁሉ «ታድለሽ» መሐል «ምነው ባትሄጂ» ያለኝም አልነበረም። እንዲህ የሚል ሰው መፈለጌን ለራሴም አልነገርኩትም፤ ለእግዚአብሔር ሥራ የተጠራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያምረዋል እንዴ?

ሰኞ ልሄድ፣ የመጨረሻው ሐሙስ እናቴ አልመጣችም። «እንግዶች አሉ፣ አልለቀቁኝም» ብላ ደወለች። እውነቷን ይሁን ውሸቷን እስካሁን አላወቅኩም። «እኔ እኮ ሰኞ ነው የምሄደው» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ዝም ብለን የስልኩን ካርድ ጨረስነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን እንዳደረግኩ ኦምዱርማን ሄድኩ። ያ ቤት ለእኔ ክልክል ነበር። «እዚያ ደጅ እንዳላይሽ» ትለኝ ነበር ከልጅነቴ ጀምሮ። ለዒድ የሚሰጧትን ብስኩት ለመሸከም እንኳን የምትቀጥረኝ መታጠፊያው ጋ ነው። የብረት በሩን ግን ከዚያ ሆኜ አይቼ አውቀዋለሁ። አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ እናቴ ናት። እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ነው፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣዋለች። ስታየኝ ክው አለች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ልሰናበትሽ ነው።»

ከውስጥ የሴት ድምፅ፣ «ማነው?» አለ በዐረብኛ። እናቴ እኔን አየች፣ ወደ ውስጥ አየች። ልጇ መሆኔን ደብቃ ሌላ ነገር ልትል ነው ብዬ ፈራሁ።

«ልጄ ናት» አለች።

ሐጃ በግድ ግቢ አሉኝ። ነጭ ቶብ የለበሱ፣ እግራቸው ያበጠ፣ ፊታቸው ደግ የሆነ አሮጊት ናቸው። አጠገባቸው አስቀምጠው ጉንጬን ዳበሱኝ። እናቴ ውኃ ይዛ መጣች። ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ ዘረጋችልኝ፤ ለእንግዳ እንደምታደርገው። ብድግ አልኩ። «ቁጭ በይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ ሐጃ። ቁጭ አልኩ። እናቴ እንደ ቆመች ቀረች። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረኝ ውኃ የለም።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሉኝ።

«ገዳሪፍ» አልኩ። ከዚያ፣ ምላሴ ይቆረጥ፣ «ለኺድማ» አልኩ።

ሐጃ ደነገጡ። «ገዳሪፍ? ለኺድማ? ምን አጥተሽ ነው እዚያ ድረስ? እናትሽ እኮ ደክማለች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። አንቺ እኛ ዘንድ ግቢ፣ እሷ ትረፍ። ቤቱ ሰፊ ነው። አትሂጂ ልጄ፣ እዚሁ ቅሪ።»

ከልባቸው ነው ያሉት፤ አልቀየምኳቸውም። ግን እንባዬ መጣ። በካርቱም ከተማ ቅሪ ያለኝ ብቸኛ ሰው ለኸዳማነት ፈልጎኝ ነው።

«አይ፣ ሐጃ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ጠንከር ያለ ነበር፤ ሐጃም ቀና ብለው አዩአት። «ይቺ ኡስታዛ ናት። ልጆች ታስተምራለች። የእግዚአብሔርን ቃል። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

ኡስታዛ፣ መምህርት ማለቷ ነው። እንዲህ ስትለኝ ሰምቼ አላውቅም። ሐጃ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ብለው እጄን ያዙኝ።

እናቴ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ጥላ ሥር ቆምን።

«ያችን ቃል ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳታወጫት» አለችኝ። «መምህርት ነኝ በይ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ። ቀሚሷ ርሶ ነበር፤ በረኪናው አፌ ውስጥ ገባ። እጇን ራሴ ላይ ጫነች።

«እግዚአብሔር ይከተልሽ። ስትወጪ ስትገቢ መልአኩ አይለይሽ። የሰው ፊት አያሳይሽ። ቃልሽን ከልጆቹ ልብ ያግባልሽ። እንደኔ…» አለችና አቋረጠች። «በደስታ ያኑርሽ። እትፍ፣ እትፍ።»

«አሜን» አልኩ። ስንት ሳምንት የለመንኩት ምርቃት ይኸው ተሰጠኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀና ብዬ ግን አፏን አፏን አያለሁ። አንድ ነገር የቀራት ይመስለኛል። እሷም አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ሐጃ ከውስጥ ጠሯት።

«ሐድር!» አለች እናቴ፤ አቤት፣ መጣሁ ማለት ነው። እኔ በማላውቀው፣ በቀጭን፣ በሚጣደፍ ድምፅ ነው ያለችው። በእርጥብ እጇ ፊቴን ጠረገችልኝና፣ «ሂጂ በቃ፣ ፀሐይ ነው» አለችኝ። በሩ ተዘጋ።

ቆሜ ቀረሁ። ሚኒባሶቹ ይጮኻሉ፣ ሰው ይተላለፋል። ነገ የሚጠብቁኝ ልጆች አሉ፣ የተገዛ ቲኬት አለ፣ ምርቃቱም አለ። ከበሩ ጀርባ ግን እርምጃዋ ሲርቅ እስኪጠፋ አዳመጥኩ። ተመልሳ ከፍታ አንዲት ጊዜ «ቅሪ» ብትለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እቀር ነበር።