ከኋላ የሚሄደው ጁማ

ጁማ ሰው የሚያውቀው በተረከዙ ነው። ውጫሌ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ሰላም ብለውት እንደ ባዳ አይቷቸው ያለፈ ሰዎች አሉ፤ ዞር ብለው መሄድ ሲጀምሩ ግን በስማቸው ይጠራቸዋል። በዚህ ስንስቅበት ኖረናል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሥራው ሰውን ከኋላ ሆኖ ማየት ነው።

እዚህ አምባሰል ሥር ለተወለድን ነገሩ ማስረዳትም አያሻውም። ገደል ሲወጣ እንግዳው ከፊት፣ መንገድ አዋቂው ከኋላ ነው፤ ሲወረድ ደግሞ ይገለበጣል። ሽቅብ የሚወጣ ሰው እግሩ ከከዳው የሚመጣው ወደ ታች ስለሆነ፣ ታች ሆኖ የሚቀበለው ያስፈልገዋል። ጁማ ሙሽራ ያወጣው እንዲህ ነው፤ ዓይናቸው የደከመ ቄስ ለክብረ በዓል ያደረሰውም እንዲህ ነው። ዓይኑን ከፊቱ ካለው ሰው ተረከዝ አይነቅልም። ሊከዳ የተቃረበ እግር አስቀድሞ ይንቀጠቀጣል ይላል፤ ያን ጊዜ ተረከዙን በመዳፉ ደገፍ ያደርገዋል፣ ሰውየውም ይጸናል። ልማዱ ሜዳ ላይም አልለቀው ብሎ፣ ልጁን ሒክማን ለትምህርት ሲሸኛት እንኳ እስከ መናኸሪያ ድረስ ከኋላዋ ነው የሄደው። "አባ፣ ኧረ ሰው እያየን ነው!" ብትለው አልሰማትም።

እኔ ረቢያ እባላለሁ። ተራራው ሥር፣ መንገዱ የሚጀምርበት ላይ ሻይ እሸጣለሁ። ሰው ቶሎ አላምንም፤ ከዚያ ከጦርነቱ ክፉ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ አላምንም። ስልኩን ወደ ተራራው ያዞረ ሰው ካየሁ ስኳሩን ረስቼ እሱን ነው የማየው።

ሙስዓብ የመጣ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ከአዲስ አበባ ነኝ አለ፤ ከሐይቅ በሚኒባስ ውጫሌ ደርሶ፣ ባጃጅ ይዞ እኔ በር ላይ ወረደ። ወጣት ነው፤ ጫማው ወፍራም፣ በሁለት እጁ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ሁለት ምርኩዝ ይዟል። ቅዳሜና እሁድ ተራራ ለመውጣት ብቻ አገር የምናቋርጥ ሰዎች ማኅበር አለን፣ እነሱን ከማምጣቴ በፊት መንገዱን ልየው ብዬ ነው አለ። ተራራው ላይ ምን ጠፍቶባችሁ? አልኩት። ምንም፣ ለመውጣት ያህል ነው አለኝ። እኛ እህል ተሸክመን እያማረርን የምንወጣውን ገደል እነሱ ሊዝናኑበት ይመጣሉ ማለት ነው። እንዴት ብዬ ልመን?

ጥያቄው ደግሞ! ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ ስንት ነው? ውሃ የት የት አለ? ላይ የሚኖረው ሰው ብዙ ነው? ኔትወርክ የሚጠፋው የት ላይ ነው? ቀማኛ ቢመጣ ከዚህ ሌላ ምን ይጠይቃል? ጁማ ሻዩን እየጠጣ ሰማው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ረቢያ፣ ቦርሳውን አየሽው? ቁጭ ብሎም አላወረደው" አለኝ። እውነቱን ነበር። ልጁ ቦርሳውን አዙሮ ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር ሻይ የሚጠጣው።

ያም ሆኖ ጁማ አወጣሃለሁ አለው። እህቴ ሀዲያ ተራራው አናት ላይ፣ ላይ ቤት በምንለው መንደር አራስ ስለነበረች፣ እኔም በሬን ዘግቼ የገንፎ ዱቄት ተሸክሜ ተከተልኳቸው።

ክርክሩ የተጀመረው ገና ከመነሻው ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ከፊት ይምሩኝ" አለ ሙስዓብ።

"የለም ልጄ፣ አንተ ቅደም። እኔ ከኋላህ ነኝ።"

"መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

"ስለማውቀው ነዋ! አብሽር፣ መንገዱ አንድ ነው፣ አይጠፋህም።"

ልማዳችን ነው ብዬ እኔም ጣልቃ ገብቼ ላስረዳው ሞከርኩ። አየኝ፤ ከዚያ ጁማን አየ፤ ከዚያ የጁማን ዱላ አየ። ያኔ ገባኝ፤ ተማክረውብኛል ብሎ ደምድሟል። በኋላ እንደሰማነው፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው በማታውቀው አገር ከኋላህ ሰው አታስከትል ብሎ መክሮት ኖሯል። መካሪው ክፉ አስቦ አልነበረም፤ እኔም የራሴ ልጅ ሌላ አገር ቢሄድ ይህንኑ እለው ነበር።

ቦርሳውን ጀርባው ላይ አዝሎ እያጉረመረመ ቀደመ። ጥቂት ይሄድና ይዞራል፣ ጥቂት ይሄድና ይዞራል። ጫማዬን ልሰር ብሎ ቆሞ እንድናልፈው ጠበቀ፤ ጁማም ቆመ። ፎቶ ላንሳ ብሎ ጥግ ያዘ፤ ጁማም ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሰማዩ ጥርት ስላለ የሐይቁ ውሃ በሩቅ ይታይ ነበር፤ ከሦስታችን ማንም ልብ ብሎ አላየውም። ልጁ በቆመ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ይነካካል፤ ስልኩ ላይ እንደ ትል የምትጠማዘዝ ቀይ መስመር አለች፣ በሄድንበት ሁሉ ትከተለናለች። ጁማ በልጁ ትከሻ ላይ አሻግሮ አያት።

"መንገዳችንን እየወሰደው ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "ነገ ማንን ይዞ እንደሚመጣ አላህ ነው የሚያውቀው።"

ደረት ፋቂ የምንለው ቦታ ደረስን። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ ደረታችሁን ከቋጥኙ ጋር እያፋተጋችሁ፣ በጎን እየተሳባችሁ ካልሆነ አያሳልፍም። ከጀርባችሁ ገደል ነው። እዚያ ሲደርስ ልጁ ቆመና ፊቱን ወደ ጁማ አዞረ።

"እዚህ ጋ ግን እርስዎ ይቅደሙ። አለበለዚያ እመለሳለሁ።"

"ልጄ፣ ከፊትህ ሆኜ ብትወድቅ በምን ልያዝህ?"

"አይያዙኝ! ማን ያዙኝ አለ?"

ለመመለስ ደግሞ በእኛ በኩል ማለፍ ነበረበት፤ መንገዱ ሁለት ሰው አያስተላልፍም። ይህን ሲያስብ ፊቱ ላይ አየሁት። ዘግተውብኛል ሳይል አልቀረም። ምርኩዞቹን አጣጥፎ ገባ።

እኔ ከጁማ ኋላ ነበርኩ። የሆነው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው። ድንጋይ ሲንኮታኮት ሰማሁ፤ የጁማ እጅ ተወርውሮ የልጁን ቦርሳ ሲጨብጥ አየሁ፤ "ሌባ! ልቀቀኝ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያየሁት የጁማን ጀርባ ብቻ ነው። ፈቀቅ ሲል ልጁ የለም። ቦርሳው ግን ጁማ እጅ ላይ ተንጠልጥሏል።

አላህ ሲያተርፈው፣ ከሥር ክትክታ የበቀለባት ጠባብ ደልዳላ ቦታ ነበረችና እዚያ ላይ ወድቆ አገኘነው። እግሩ ተሰብሯል፣ ግንባሩ ይደማል፤ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን አይናገርም። "ቦርሳውን ክፈተው፣ የምናስርበት ነገር አይጠፋውም" አልኩት ጁማን።

"ወላሂ አልከፍተውም!" አለ። "ሌባ ብሎኛል እኮ!"

ሻሼን ቀድጄ አሰርኩለት።

የላይ ቤት ሰዎች ጩኸታችንን ሰምተው ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። ሲወርዱ ጁማ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፍበትን የፊቱን ጫፍ ያዘ። ልጁ ተጋድሞ የጁማን ማጅራት እያየ ወረደ። እኔ እየተከተልኩ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ይህ አፍ ሲከፈት ምን ይል ይሆን? አልዋሽም፣ ጁማንም ጠርጥሬዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ሰው! ተናዶ ይሆን? ያ ቦርሳ አጓጉቶት ይሆን? እጁ ወደ ቦርሳው ሲሄድ እንጂ ሌላ ምን አይቻለሁ? በራሴ ተናደድኩ፣ ጥርጣሬው ግን አልለቅ አለኝ።

ውጫሌ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር። ጁማ እንግዳ ገደል ገፍቶ ቦርሳ ቀማ ተብሏል። ሚስቱ መሪማ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቀችኝና ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ረቢያ፣ አንቺ ነበርሽ አሉ! ንገሪያቸው እንጂ!"

ያየሁትን እዚያ ለነበረው ፖሊስ ተናገርኩ። ያየሁት ግን ለጁማ የሚበጅ አልነበረም።

የልጁ ቁስል ከታጠበና እግሩ ከታሰረ በኋላ ፖሊሱ ቦርሳውን አልጋው ላይ ዘረገፈው። ዳቦ፣ ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ያልተነካ እሽግ ፋሻ። ፋሻውን ሳይ ሻሼ ትዝ አለኝና ወደ ጁማ ዞርኩ፤ እሱም እያየው ነበር።

"እኚህ ሰውዬ ገፍተውሃል?" አለ ፖሊሱ።

ሙስዓብ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

"አልገፉኝም" አለ። "ተንሸራተትኩ፤ ቦርሳዬን ይዘው አስቀሩኝ። ሊቀሙኝ መስሎኝ እጆቼን ከማንገቻው አሾልኬ ወጣሁ። እሳቸው አልለቀቁኝም፤ የለቀቅኩት እኔ ነኝ።"

መሪማ አልሐምዱሊላህ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ፖሊሱ ጁማን "ጨርሰናል፣ መሄድ ይችላሉ" አለው። እኔ ከደስታዬ ብዛት እጁን ይዤ ልጎትተው ነበር። ጁማ ግን ከአልጋው ግርጌ፣ ከታሰረው እግር አጠገብ አልተንቀሳቀሰም።

"እኔም የምለው አለኝ" አለ።

"ጋሽ ጁማ፣ ተወው አሁን!" አልኩት። ጉዳዩ ከተዘጋ በኋላ አፍ መክፈት ምን ይሉታል?

አልሰማኝም። "ልጄ፣ ከኋላ ሆኜ ሰው ሳወጣ የማየው እግሩን ነው" አለው። "ያንተን እግር አላየሁም። ከታች ጀምሮ ቦርሳህን ነበር የማየው፣ ምን ይዞ ይሆን እያልኩ። የነቃሁት ድንጋዩ ሲንኮታኮት ነው፤ እጄም ዓይኔ ወደነበረበት ሄደ። ጠርጥሬህ ባይሆን እግርህን ይዤ ባቆምኩህ ነበር።"

"እኔም አላየሁትም ጋሼ" አለ ሙስዓብ። "የምረግጥበትን አላየሁም። እኔም እርስዎን ነበር የማየው።"